ዶክተር ሊቪንግስተንና የመንገድ ባልንጀሮቹ

ደቡባዊውን አፍሪካ ከአንዱ ባሕር እስከ ሌላው ባሕር በእግር፥ በታንኳና በበሬ ጀርባ ስላቋረጠው ስለ ዶክተር ዴቪድ ሊቪንግስተን ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚያ ረጅም መንገድ ጓዙን የተሸከሙለት፥ ታንኳውን የቀዘፉለት፥ በንዳድ ሲወድቅም ያነሡት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ስለዚህ የእርሱን ሕይወት ስንጽፍ እነርሱንም አብረን እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊቪንግስተን በማርች 19 ቀን 1813 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ብላንታየር በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሻይ እየዞረ የሚሸጥ ድኻ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ እግዚአብሔርን የሚፈራና መጽሐፍ የሚወድ ነበር። ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ጥጥ በሚፈተልበት ፋብሪካ ገብቶ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይሠራ ጀመር። ከመጀመሪያ ደመወዙ ከፍሎ የላቲን ሰዋስው ገዛ፤ መጽሐፉንም በመፍተያው መኪና ላይ ገልጦ እያቆመ፥ ለሥራው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ያነብ ነበር። እንዲህ እየተማረ በግላስጎው ሕክምና አጠና፤ በ1838 ዓ.ም. የለንደን ሚሲዮን ማኅበር ተቀበለው። ሐሳቡ ወደ ቻይና ለመሄድ ነበር፤ ነገር ግን በእንግሊዝና በቻይና መካከል የኦፒየም ጦርነት ስለ ተነሣ መንገዱ ተዘጋ። በዚያው ወራት በደቡብ አፍሪካ በኩሩማን ጣቢያ የሚያገለግለው ሮበርት ሞፋት ለንደን መጥቶ ነበርና ከእርሱ ጋር ተገናኘ። ከኩሩማን በስተሰሜን ወንጌል ሰባኪ ረግጦት የማያውቅ ሰፊ አገር እንዳለ ከሞፋት በሰማ ጊዜ ልቡ ወደዚያ አዘነበለ። በዲሴምበር 1840 በመርከብ ተነሣ፤ በጁላይ 1841 ኩሩማን ደረሰ።

ዛሬ ቦትስዋና በሚባለው አገር ድንበር አካባቢ ቋንቋ ሲማርና ሲያስተምር ጥቂት ዓመታት አሳለፈ። በ1844 ዓ.ም. በማቦትሳ የመንደሩን ከብት የፈጀ አንበሳ ያዘውና የግራ ክንዱን አጥንት ሰባበረው። ያዳነው መባልዌ የተባለ የአገሩ ተወላጅ የወንጌል አስተማሪ ነው፤ አንበሳውን ሊተኩስበት በተነሣ ጊዜ አውሬው ሊቪንግስተንን ትቶ የመባልዌን ጭን ነከሰ። የሊቪንግስተን አጥንት ደኅና ሆኖ አልገጠመም። ይህን አጥንት አንባቢው ያስታውሰው፤ ከ30 ዓመት በኋላ እንደ ገና እናገኘዋለንና።

በ1845 ዓ.ም. የሞፋትን ልጅ ሜሪን አገባ። በኋላም በኮሎቤንግ ሰፍሮ የባክዌናን ባላባት ሴቼሌን አስተማረ። ሴቼሌ ፊደል ቶሎ የለየ፥ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብን የሚወድ ሰው ነበር፤ በ1848 ዓ.ም. ከአንዲቱ በቀር ሚስቶቹን ሁሉ ወደ ዘመዶቻቸው ሰድዶ ተጠመቀ። የተሰደዱት ሴቶች ዘመዶች ተቆጡ። ሴቼሌ አስቀድሞ ዝናም አውራጅ ነበርና በዚያ ወራት ዝናም ሲከለከልና ወንዙ ሲደርቅ ሕዝቡ ምክንያቱን በአዲሱ ሃይማኖት ላይ አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ሴቼሌ ከሰደዳቸው ሚስቶች በአንዲቱ ወደቀ፤ ሊቪንግስተንም ከቅዱስ ቊርባን ከለከለው። በሕይወቱ ያፈራው አማኝ ይህ አንዱ ብቻ ነው፥ እርሱም ወደቀ እያሉ የሚጽፉ አሉ። ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው አልተከተሉትም። ሴቼሌ መምህሩ ከሄደ በኋላ ለሕዝቡ ማንበብንና ጸሎትን ራሱ ማስተማርን አልተወም፤ በ1857 ዓ.ም. የሔርማንስቡርግ ሚሲዮን ሉተራውያን ወደ አገሩ ሲመጡም ተቀበላቸው። እነዚህ ሉተራውያን የሚሲዮናቸውን መርከብ በሐዋርያት ሥራ በተጻፈችው በኢትዮጵያ ንግሥት ስም ህንደኬ ብለው ሰይመው በ1853 ዓ.ም. ሰዎች የሰደዱት ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስ ነበር፤ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በር ስለ ተዘጋባቸው ወደ ናታል ተመለሱ፥ ከዚያም ወደ ሴቼሌ ዘንድ ደረሱ።

ሊቪንግስተን በአንድ ቦታ መቀመጥ የሚሆንለት ሰው አልነበረም። በ1849 ዓ.ም. ከአዳኙ ከኦስዌል ጋር የካላሃሪን ምድረ በዳ አቋርጦ ወደ ንጋሚ ሐይቅ ደረሰ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጕዞ በበሬ የሚሳብ ሠረገላ ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ሄደ። በ1850 ዓ.ም. ልጆቹ በንዳድ ታመሙ፤ ከጕዞው እንደ ተመለሱ የተወለደችው ኤልሳቤጥም ስድስት ሳምንት ያህል ኖራ ሞተች። በ1851 ዓ.ም. ውሃ አልቆባቸው ልጆቹ በጥም ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የሜሪ እናት በነፍሰ ጡር ልጅዋ ላይ ስለሚደረገው ነገር በብርቱ ወቅሳዋለች፤ እኛም ወቀሳዋ ያለ ምክንያት አይደለም እንላለን። በአፕሪል 1852 ሚስቱንና አራት ልጆቹን ከኬፕ ታውን ወደ እንግሊዝ አገር ሰደዳቸው፤ እነርሱም ለአራት ዓመት ተኩል በችግር ኖሩ።

ለምን እንዲህ አደረገ? በ1851 ዓ.ም. የማኮሎሎን ሕዝብ ጐብኝቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከደቡብ ከባሶቶ ወገን ፈልሰው የመጡ ስለ ሆኑ እርሱ የተማረውን ቋንቋ የሚመስል ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ከምዕራብ የሚመጡ ነጋዴዎች 8 አሮጌ ጠመንጃ ሰጥተው 8 ወንዶች ልጆችን ከእነርሱ ወስደው እንደ ነበረ ሰማ። ወደ ባሕር የሚያወጣ የታወቀ መንገድ ቢኖር ማኮሎሎ የዝሆን ጥርሳቸውን ሸጠው የሚፈልጉትን ይገዛሉ፥ ሰው መሸጥም ይቀራል ብሎ አሰበ። ከዚህ በኋላ የሄደበት ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የመነጨ ነው።

በ1853 ዓ.ም. በቾቤ ረግረግ አጠገብ ወዳለችው ወደ ሊንያንቲ ተመለሰ። ባላባቱ ሴኬሌቱ ገና ወጣት ነበር። የጕዞውን ወጪ የቻለ የእንግሊዝ መንግሥት አይደለም፤ ሴኬሌቱ ነው። 27 ሰዎችን፥ በሬዎችን፥ ታንኳዎችንና የሚሸጥ የዝሆን ጥርስ ሰጠ፤ ለባላባቱም የራሱ ጕዳይ ነበረበት፥ ገበያ ይፈልግ ነበርና። ሊቪንግስተን ከራሱ ያዘው ጥቂት ነው፤ ትንሽ ድንኳን፥ መኝታ የሚሆን የበግ ለምድ፥ ጥቂት ሻይና ስኳር፥ ጨሌ፥ መድኃኒት፥ መጽሐፍ ቅዱስ፥ ፀሐይንና ከዋክብትን እየለካ ያለበትን ቦታ የሚያውቅበት መሣሪያ፥ እንዲሁም የመጽሐፍ ቅዱስን ሥዕሎች በብርሃን የሚያሳይ ፋኖስ። ጓዝ ሲበዛ የቀማኛ ዓይን ይበዛል ብሎ ያምን ነበር።

በኖቬምበር 11 ቀን 1853 ተነሡ። ዛምቤዚን ሽቅብ ቀዝፈው ዛሬ ዛምቢያ በሚባለው በባሮትሴ ሜዳ በኩል ወደ ሉንዳ አገር ገቡ። በባላባቱ በሺንቴ መንደር ያንን ፋኖስ አብርቶ አብርሃም በይስሐቅ ላይ ቢላዋ ሲያነሣ የሚያሳየውን ሥዕል አወጣ። ሥዕሉ ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ ሴቶቹ ቢላዋው ወደ እነርሱ የመጣ መስሏቸው እየጮኹ እርስ በርሳቸው ተረጋግጠው ሸሹ፤ ሺንቴ ግን ከስፍራው ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ጨረሰ፥ በኋላም ፋኖሱን ቀርቦ መረመረ።

ወደ ምዕራብ በቀረቡ ቍጥር መንገዱ ከፋ። በዛሬው አንጎላ የባሪያ ነጋዴዎች የለመዱት መንገድ ላይ በደረሱ ጊዜ በየኬላው ቀረጥ ተጠየቁ፤ ቀረጡም ሰው፥ ወይም በሬ፥ ወይም ጠመንጃ ነበር። የባሪያ ነጋዴ ከሚነዳቸው እስረኞች አንዱን ሰጥቶ ያልፋል፤ ሊቪንግስተን ግን ከእርሱ ጋር ያሉት ሁሉ ጨዋ ሰዎች ናቸውና አንዱን ሰው ከመስጠት ሁላችንም ብንሞት ይሻላል አለ። የቺቦክዌ ሰዎች ጦርና ጠመንጃ ይዘው ሰፈሩን ከበቡ። እርሱ ጠመንጃውን በጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ በትዕግሥት ሲነጋገር ዋለ፤ በመጨረሻ ሸሚዝ፥ ጨሌና አንድ በሬ ተሰጥቶ አለፉ። እርሱ በንዳድ ስለ ደከመ ሲንባድ በሚባል ጠባየ ክፉ በሬ ላይ ተቀምጦ ይሄድ ነበር፤ በሬውም ብዙ ጊዜ ጥሎታል። በክዋንጎ ወንዝ ዳር ሁሉም ነገር ባለቀባቸው ጊዜ ሲፕሪያኖ የተባለ የፖርቱጋል ወታደሮች አለቃ ካለው አካፍሎ መገባቸው። በሜይ 31 ቀን 1854 ሉዋንዳ ሲደርሱ ሊቪንግስተን አጥንትና ቆዳ ብቻ ሆኖ ነበር።

ማኮሎሎ ባሕርን ያን ጊዜ አዩ። መርከብ ለእነርሱ ባሪያ የሚጫንበት ነገር ነበርና ፈሩ፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መርከበኞች በደኅና ተቀብለው መርከቡን አሳዩአቸው። መምህራቸው ታሞ ሳለ እነርሱ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ እንጨት ለቅመው በከተማው ሸጡ፥ ከመርከብም ከሰል እያራገፉ የቀን ደመወዝ ተቀበሉ።

የመርከቡ መኰንኖች ሊቪንግስተንን ወደ አገሩ ሊወስዱት ለመኑት። የጤናው ነገር ይህን የሚጠይቅ ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹም በዚያ ነበሩ። እርሱ ግን 27ቱን ሰዎች ወደ ቤታቸው አደርሳለሁ ብሎ ለሴኬሌቱ ቃል ገብቶ ነበር፤ ያለ እርሱ ደግሞ በዚያ የባሪያ ነጋዴዎች መንገድ በሰላም ማለፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውንና ካርታውን ብቻ በመርከቡ ሰድዶ በሴፕቴምበር 1854 ወደ ኋላ ተመለሰ። ያ መርከብ በማዴይራ ደሴት አጠገብ ሰጠመ፤ ወሬው በመንገድ ሲደርሰው ሊቪንግስተን በፑንጎ አንዶንጎ ተቀምጦ የጠፋውን ጽሑፍ ሁሉ እንደ ገና ጻፈ። አንድ ዓመት ያህል ተጕዘው፥ ይዘውት የተነሡት ዕቃ በመንገድ አልቆ፥ በሴፕቴምበር 1855 ሊንያንቲ ገቡ። ከ27ቱ አንድ እንኳ አልጎደለም። ነጭ የአውሮፓ ልብሳቸውን ለዚያች ቀን አስቀምጠው ነበርና ለብሰው በወገኖቻቸው ፊት ተመላለሱ። አንዳንዶቹ ግን ሞተዋል ተብሎ ሚስቶቻቸው ሌላ ባል አግብተው ቆዩአቸው።

የምዕራቡ መንገድ ለንግድ የማይሆን ሆኖ ስለ ተገኘ ሴኬሌቱ እንደ ገና 114 ሰዎች ሰጠውና በኖቬምበር 3 ቀን 1855 ወደ ምሥራቅ ተነሣ። ከጥቂት ቀን በኋላ የአገሩ ሰዎች የሚያጕረመርም ጢስ ብለው የሚጠሩትን ታላቅ ፏፏቴ አሳዩት፤ እርሱ በንግሥቲቱ ስም ቪክቶሪያ አለው፤ ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ አሉ። በሜይ 1856 በዛሬው ሞዛምቢክ ኬሊማኔ ከምትባለው ወደብ ደረሰ። ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው ነው ሲባል ከአውሮፓ ሰዎች ማለት ነው፤ ከእርሱ አስቀድሞ ፔድሮ ዦዋው ባፕቲስታና አማሮ ዦዜ የተባሉ ሁለት አፍሪካውያን ነጋዴዎች በ1802 ዓ.ም. ከአንጎላ ተነሥተው በ1811 ዓ.ም. ቴቴ ደርሰዋል።

በዚህ ጕዞ አንድ ትልቅ ስሕተት ተፈጸመ። ወንዙ በሚጠመዝዝበት ቦታ ሊቪንግስተን በአቋራጭ በየብስ ስለ ሄደ ካሆራ ባሳ የሚባለውን ጋራና ፏፏቴ አላየም፤ ዛምቤዚ መርከብ የሚያስገባ መንገድ ነው ብሎም ለዓለም ነገረ።

ማኮሎሎን በቴቴ ትቶ ሞት ካልከለከለኝ በቀር ተመልሼ እወስዳችኋለሁ አላቸው። ከእነርሱ ሴክዌቡ የተባለው ብልህ አስተርጓሚ ብቻ አብሮት በመርከብ ተሳፈረ፤ ነገር ግን የባሕሩ ማዕበልና የእንግዳው ነገር ብዛት አእምሮውን አናወጠው፥ በሞሪሸስ ደሴት አጠገብ ዘሎ ገብቶ ሰጠመ።

በእንግሊዝ አገር ሊቪንግስተን እንደ ጀግና ተከበረ። በ1857 ዓ.ም. ከሚሲዮን ማኅበሩ ወጥቶ የመንግሥት መልእክተኛ ሆነ። በ1858 ዓ.ም. ከብዙ ገንዘብና ከእንፋሎት መርከብ ጋር ሲመለስ ካሆራ ባሳ መንገዱን ዘጋበት። በቴቴ የተዋቸው ሰዎች ግን ይጠብቁት ነበር፤ 30 ያህሉ በፈንጣጣ ሞተዋል፥ 6ቱ ተገድለዋል። በ1860 ዓ.ም. መመለስ የፈለጉትን በእግር ይዞ ወደ አገራቸው ወሰዳቸው። በዚያ የቆየው ወሬ መራራ ነበር። በእርሱ ምክር ወደ ማኮሎሎ የተላኩት ሚሲዮናዊው ሄልሞርና ሚስቱ ከልጆቻቸው ሁለቱ ጋር፥ የባልንጀራው የፕራይስ ሚስትና ሕፃንም በንዳድ አልቀዋል። በ1853 ዓ.ም. ሊንያንቲ ትቶት የሄደው የመድኃኒት ሣጥን ከሞቱበት ስፍራ ጥቂት እልፍ ብሎ በሠረገላው ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር።

ሜሪም በአፕሪል 27 ቀን 1862 በዛምቤዚ ዳር በሹፓንጋ በንዳድ ሞተች። ጕዞው ብዙ ነፍስ ካጠፋ በኋላ መንግሥት ጠራው።

በ1866 ዓ.ም. ከዛንዚባር ተነሥቶ የነጭ ዓባይን ምንጭ ሊፈልግ ሄደ። ምንጩን አላገኘም፤ የተከተለው የሉዋላባ ወንዝ የኮንጎ ወንዝ ነው። በጁላይ 1871 በንያንግዌ ገበያ የባሪያ ነጋዴዎች በሴቶች ላይ ሲተኵሱ በዓይኑ አየ፤ ስለዚያ የጻፈው ደብዳቤ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው አስቆጣ። በጁን 1873 የዛንዚባር የባሪያ ገበያ ተዘጋ፤ እርሱ ግን ይህን ሳይሰማ በሜይ መጀመሪያ በዛሬው ዛምቢያ በቺታምቦ መንደር ሞቶ ነበር። አገልጋዮቹ ሌሊት ሲገቡ ባልጋው አጠገብ ተንበርክኮ አገኙት።

ሱሲና ቹማ የሚባሉት አገልጋዮቹ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተማከሩ። ልቡን ከዛፍ ሥር ቀበሩ፤ ያዕቆብ ዌንራይት የተባለው ከባርነት ነፃ የወጣ ወጣት የቀብር ጸሎት አነበበ። ሬሳውን በጨውና በፀሐይ ለ14 ቀን አድርቀው፥ በዛፍ ልጥና በሸራ ጠቅልለው ተሸከሙት። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዱ። በመንገድ የእንግሊዝ መኰንን ካሜሮን በዚሁ ቅበሩት ቢላቸው እንቢ አሉ፤ ሬሳ በአገራችን አያልፍም የሚል ሕዝብ ባገኙ ጊዜም እንደ ጨርቅ ሸቀጥ አስመስለው አሳለፉት። በፌብሩዋሪ 1874 ባጋሞዮ ወደብ አደረሱት፤ በዚያ ደመወዛቸው ተከፍሎ ተሰናበቱ።

በለንደን ሐኪሞች የመጣው ሬሳ የእርሱ መሆኑን የለዩት በግራ ክንዱ አጥንት ነው፤ አንበሳው የሰበረው ስፍራ እንደ ነበረ ነበር። በአፕሪል 18 ቀን 1874 በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ከተሸከሙት መካከል ያዕቆብ ዌንራይት ብቻ በዚያ ተገኘ። ሱሲና ቹማ የሊቪንግስተን ወዳጅ ገንዘብ ከፍሎላቸው ወደ እንግሊዝ አገር የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። የመጨረሻው ማስታወሻ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ያልተነበበውን ቦታ እየተጠየቁ አስረዱ፤ ኒውስቴድ በሚባል ስፍራም እንጨትና ሣር አሰባስበው ሊቪንግስተን የሞተባትን ጎጆ የምትመስል ጎጆ ሠርተው ለሚጠይቋቸው ሰዎች አሳዩ።