ዓርብ ማታ የማይታገሉት ታጋይ

አያቴ መነጽሯን ያስገዛናት ኦፕቲካ ሃልፐሪን ከሚባለው ሱቅ ነው። ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየከተማው አለ። ባለፈው ሰሞን እዚህ ሀደራ ቡና እየጠጣን፣ የሱቁ ስም የመጣው ድሮ ታጋይ ከነበሩ ራቢ ነው ብላት አላመነችኝም። ታጋይ ስላት ደግሞ ሐሳቧ ወዲያው በረሃ ወረደ። እኔ የምለው የበረሃውን ሳይሆን፣ ትኬት ተቆርጦ የሚታየውን፣ ሬስሊንግ የሚሉትን ነው።

ራፋኤል ሃልፐሪን በ1924 ቪየና ተወለዱ። ቤተሰባቸው ወደዚህ አገር የገባው በ1933፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ከመያዛቸው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያደጉት ብኔ ብራቅ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው እሳቸው በተወለዱበት ዓመት ስለሆነ ያኔ ገና ትንሽ መንደር ነበረች። የሺቫ ገብተው ቶራ ተማሩ፣ ቆየት ብለውም አልማዝ ሥራ ላይ ዋሉ። ልባቸው ግን ብረት ማንሳት ላይ ነበር። የስፖርት ቤት ከፈቱና በሶምሶን ስም ጠሩት። ለአንድ የየሺቫ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላ ሚስተር እስራኤል የሚባለውን የጡንቻ ውድድር ያስጀመሩትም እሳቸው ናቸው።

የስፖርት ቤቱን ለማስፋት ገንዘብ ጠፋ። በ1950ዎቹ አሜሪካ ተሻገሩና ትግሉን እንጀራቸው አደረጉት።

ይህን ሥራ ትንሽ ላስረዳ። እናንተ በልጅነታችሁ ከብት ስትጠብቁ የታገላችሁት ትግል የወደቀው ወደቀ ነው። የአሜሪካው እንደዚያ አይደለም። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የሚወስነው ግጥሚያውን የሚያዘጋጀው ነጋዴ ነው። ሕመሙ ግን የምር ነው፤ ጀርባ ጣውላ ላይ ሲያርፍ ውሸት የለውም። ለያንዳንዱ ታጋይም የሚጫወተው ሰው ይሰጠዋል። ሃንስ ሽሚት የሚባል ክፉ ጀርመናዊ ነበር፤ እውነተኛ ስሙ ጊ ላሮዝ፣ አገሩም ካናዳ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና ቅርብ ስለነበር ሕዝቡ እሱን ለመስደብ ሲል ብቻ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል። ሃልፐሪን የሚቀርቡት የእስራኤል ሰው ሆነው ነው። እሳቸው እንኳ የምር ነበሩ።

እንደ ሉ ቴዝ የዓለምን ቀበቶ የያዙ አይደሉም። ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚታገሉ፣ ላባቸውን አፍስሰው የሚበሉ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ሥራ የወር ደመወዝ የለም፤ የታገለ ይከፈለዋል፣ ያልታገለ ባዶ እጁን ያድራል።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ሃልፐሪን ሰንበትን አላፈረሱም። አዳራሹ የሚሞላው ደግሞ ሰው ከሥራው በሚያርፍበት ጊዜ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። በሰሜን አሜሪካ ክረምት ዓርብ ዐሥር ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይ ትገባለች። ስለዚህ ሰንበት ለሚጠብቅ ታጋይ የዓርብ ማታው ገበያ ሙሉ በሙሉ ይቀርበታል። ቅዳሜ ደግሞ ከዋክብት እስኪወጡ መኪና አይነዳም፣ ወደ ሌላ ከተማ አይሄድም። ምግቡም እንደዚያው። ኮሸር ያልሆነ አይበሉም ነበር፤ ያን የሚያክል ሰውነት ይዞ በባዕድ መንገድ ላይ የሚበላ መፈለግ ቀላል አይደለም። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ሰንበትን ተደብቃችሁ የጠበቃችሁ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ዓርብ ከሰዓት አውቶቡሱ ራሱ ቆሞልኝ ነው ያደግኩት።

አንዳንድ ሰው የተወሰነለት ትግል ምን ትግል ነው ይላል። ልክ ነው፣ ማን እንደሚወድቅ አዘጋጁ ይወስን። የሰንበቱን ጉዳይ ግን አዘጋጁ አልወሰነውም። እኔ ሃልፐሪንን የምወዳቸው በዚህ ነው።

ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ ራቢ ሆኑ። የእስራኤልን ሊቃውንት ማን ከማን እንደተማረ፣ ትውልድ በትውልድ የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጁ። የመነጽር ሱቆቹንም ከፈቱ፤ ዛሬ ከትግሉ ይልቅ በዚህ ነው የሚታወቁት። ያረፉት በ2011 ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያቴ መነጽሯን ስትፈልግ፣ የታጋዩን አምጡልኝ ነው የምትለን።