ከስምንት ጌቶች በኋላ፦ የአባ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

ስለ እምነት አባቶች ሲነገር ሉተርንና ዌስሊን ደጋግመህ ሰምተህ ይሆናል። ዛሬ ግን በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ የተወለደ የራሳችንን አባት ላስታውስህ እወዳለሁ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የተወለደው በ1856 ገደማ፣ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ማግስት ነው። ወላጆቹ ሂካ አሉት፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በአራት ዓመቱ አባቱ ሞተ፤ በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ስምንት ጌቶች ተቀባብለውት ምጽዋ ደረሰ። በዚያ ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው፤ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮንም አስተማረው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። የፊልሞናን መልእክት አንብበህ ከሆነ የስሙን ምክንያት ታውቃለህ።

ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። እዚያው ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር? እርሱ ግን ልቡ የተሰረቀበት አገር ነበር። በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ ለመግባት ሞክሮ ታሞ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ሙከራም አልተሳካም። መንገዱ ሲዘጋበት በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ ቃሉን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ። ይሁን እንጂ ከቋንቋው የተለየው በልጅነቱ ስለ ነበር ብቻውን አልቻለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንዘላትን አንዲት እህት ልብ በል፤ አስቴር ጋኖ ትባላለች። እርስዋም ባሪያ ሆና ወደ ዓረብ ምድር ስትጫን በ1886 የጣሊያን መርከብ ያስጣላት ናት። የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረቱንና ምሳሌውን ከልቧ እያወጣች ጻፈች። በእኔ አስተያየት ያለ እርስዋ ያ መጽሐፍ ቅዱስ የሕዝቡን አንደበት ባልያዘ ነበር። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በ1899 በስዊዘርላንድ ወጣ። በመካከሉ የአድዋ ጦርነት አለፈ።

ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ከተነጠቀ 35 ዓመት ሆኖት። በኦሮምኛ መስበኩ ክስ አመጣበት፤ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲሰደድ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ቢያነሡለትም ስብከቱን ከለከሉት። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እርሱ በነቀምቴ ልጆችን ፊደል አስቆጠረ። አሥር ዓመት ያህል እንዲሁ ቆይቶ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱለት፤ እርሳቸው በዚያው ዓመት ከዙፋን ቢወርዱም አባ ኦኔሲሞስ መስበኩን አላቆመም።

ሰኔ 21 ቀን 1931 በጌታ አንቀላፋ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሊታወጅ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። አስቴር ግን እስከ 1964 ኖራለች፤ በ1959 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረትም በሕይወት ነበረች።