ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን እና የክታቡ ሥዕል

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ በጠቅላላውም በጎጃም ገጠር፣ ደብተራ ለታመመ ሰው ክታብ ሲያዘጋጅ ሥራውን የሚጀምረው ከልክ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ብራና በቀጭኑ ተተልትሎ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል፤ ክታቡ ባለቤቱን ከራሱ እስከ እግሩ ይጠብቀዋል ተብሎ ስለሚታመን ርዝመቱ ከቁመቱ ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል። በጽሑፉ መካከልም ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ የሰሎሞን መረብና አፍጥጠው የሚመለከቱ ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ። እነዚህ ሥዕሎች ለጌጥ የገቡ አይደሉም፤ ጋኔኑ አይቷቸው እንዲሸሽ የተሠሩ ናቸው። አመነበትም አላመነበትም፣ ተመልካች አንድ ነገር መቀበል አለበት፤ ሥዕሉ የተመደበለት ሥራ አለው።

ከዘመናዊ ሠዓሊዎቻችን መካከል ይህን ጠንቅቆ የተረዳው እስክንድር ቦጎሲያን ነበር። የተወለደው ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ አባቱ ኮሎኔል ኮስሮፍ ጎርጎሪዮስ ቦጎሲያን የአርመን ትውልድ ያላቸው የክብር ዘበኛ መኮንን፣ እናቱ ደግሞ ወይዘሮ ፀዳለ ወልደ ተክሌ ነበሩ። ገና ወጣት ሳለ በአገር አቀፍ የሥዕል ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ በ1955 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን ተላከ። ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ እዚያው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ኖረ።

ፓሪስ ለእስክንድር ከትምህርት ቤት የበለጠች ነበረች። የጳውል ክሌን ሥራዎች የተመለከተው፣ የአፍሪቃ ዝርያ ያላቸውን የኩባ ሕዝብ መናፍስት ይሥል ከነበረው ከዊፍሬዶ ላም ሥራ ጋር የተዋወቀው፣ የናይጄሪያዊውን የአሞስ ቱቱዎላን የጫካ መናፍስት ትረካ ያነበበው በዚያ ዘመን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይም “መጋቢዎች” የሚል ስም የተሰጣቸውን ተከታታይ ሥዕሎች ሠራ። በ1964 የሣለውን “የጁጁ ሠርግ” የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በማግሥቱ ዓመት ገዛው፤ የተቆረጠና የተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረታማ ቀለም የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ተገቢ ነው። በአገራችን አፈ ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ሲቀርብ የተለመደው መንገድ የንግሥተ ሳባ ሥዕል መንገድ ነው፤ ሸራው በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ተሸንሽኖ ከዘንዶው አርዌ መገደል እስከ ምኒልክ መወለድና ከዚያም በኋላ ያለው ታሪክ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። የሥዕል ተማሪም ተረት ሣል ሲባል እጁ ወደዚያው ይሄዳል። እስክንድር ግን ተረቱን አልተረከም። ወፉን፣ እንቁላሉን፣ ዓይኑንና እባቡን ከታሪካቸው አውጥቶ፣ ደብተራው በብራናው ላይ እንደሚያደርገው፣ እርስ በርሳቸው እንዲያያዙና እንዲጠባበቁ አደረገ። ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምን ታሪክ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በቀላሉ አይገኝም።

በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ፤ በ1967ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ተቀበለ። ዘመኑ አጭር ቢሆንም ፍሬው ቀርቷል። በእርሱ ዘመን እዚያ ከተማሩት አንዱ የሆነው ዘሪሁን የትምጌታ የክታቡን ሥዕል ወደ ቀርከሃ ስንጥር አሻግሮ ራሱን የቻለ ሠዓሊ ሆኗል። ሌሎች ግን ዓይኑንና መረቡን ብቻ ወሰዱ፤ እንዲህ ያለው ሥዕል ለመንገደኛ የሚሸጥ ጌጥ ከመሆን አያልፍም፤ ከደብተራው ሥራም ከእስክንድር ሥራም ይርቃል።

ከ1969 በኋላ ኑሮው በአሜሪካ ሆነ። በዋሽንግተን በሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲያስተምር ቁሳቁስ መፈተኑን አልተወም፤ በ1981 “የጊዜ ዑደት” ከተሰኙት ሥራዎቹ ሦስተኛውን የሠራው ከዛፍ ልጥ በተቀጠቀጠ ጨርቅ ላይ ነው። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ግን ለምሕንድስና ባለሙያ የተለየ ትኩረት የሚስብ ነው። በ2001 ከቀድሞ ተማሪው ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር በዋሽንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ የሠራው “ኔክሰስ” በጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የአሉሚኒየም ቅርጽ ነው። የክርስቲያኑ፣ የእስላሙ፣ የቤተ እስራኤሉና የሌሎችም እምነቶች ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ዕፀዋትና እንስሳት በአንድነት ሰፍረውበታል፤ ክታቡም ከመካከላቸው አለ። በአንድ ሰው ቁመት ይለካ የነበረው ያ ጠባብ ብራና እዚህ 3.65 ሜትር ከፍታና 15.85 ሜትር ርዝመት ባለው ብረት ላይ ተዘርግቷል።

እስክንድር ከዚህ ሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 4 ቀን 2003፣ በዚያው በዋሽንግተን አረፈ።