ጂሚ ኤንጀልና የአውያንቴፑይ ሜዳ

በደቡብ ምሥራቅ ቬኔዙዌላ፣ የካሮኒ ወንዝና ገባሮቹ በሚፈሱበት አገር፣ ደኑ አድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል። ከደኑ መካከል አናታቸው እንደ ገበታ የተስተካከለ ታላላቅ ተራሮች ቀጥ ብለው ይነሣሉ። ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን የሚነዳ ሰው በዚህ አገር ላይ ሲበር፣ ሞተሩ ቢጠፋ የት ልረፍ የሚለው ጥያቄ ከሐሳቡ አይለይም። ከላይ ሲያዩት ለስላሳ የሚመስለው ቅጠል ከሥሩ ክንፍ የሚሰብር ግንድ አለው፤ የወንዙም ዳርቻ ጠባብ ነው። የሚቀረው እዚህም እዚያም የሚታየው ባዶ ሜዳ ነው። አሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ኤንጀል ስሙን ያተረፈው ከእነዚህ ሜዳዎች አንዱን በመምረጡ ነው።

ኤንጀል እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ተወለደ። ስለ ወጣትነት ዘመኑ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከፊሉን ያወራው እሱ ራሱ ስለሆነ እውነቱን ከተረቱ መለየት ያስቸግራል። በላቲን አሜሪካ ሰማይ ብዙ ዓመታት መብረሩና ከአንድ ተራራ አናት ላይ ወርቅ አለ የሚለው ወሬ ልቡን መያዙ ግን አያጠራጥርም። ይህንኑ ሲፈልግ በኅዳር ወር 1933 ከአውያንቴፑይ ተራራ ጫፍ የሚወረወረውን ፏፏቴ ከአየር ላይ አየ። የአገሩ ተወላጆች ፔሞኖች ፏፏቴውን በራሳቸው ስም ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የውጭው ዓለም ግን በአብራሪው ስም ጠራው። በ1949 ሲለካ ቁመቱ 979 ሜትር ሆነ።

ጥቅምት 9 ቀን 1937 (እ.ኤ.አ.) ኤንጀል ባለቤቱን ማሪን፣ ጉስታቮ ሄኒንና ሚጌል ዴልጋዶን አሳፍሮ፣ ኤል ሪዮ ካሮኒ በተባለው የብረት አይሮፕላኑ ወደ ተራራው አናት አመራ። በላዩ ላይ ደጋግሞ ከበረረ በኋላ ሣር የለበሰ ገላጣ ስፍራ መረጠ። አወራረዱ የሚነቀፍ አልነበረም። መንኮራኩሮቹ መሬት ነክተው ጥቂት እንደ ተንከባለሉ ግን ሣሩ ተቀደደ፤ ከሥሩ በውሃ የራሰ ጭቃ ነበር። መንኮራኩሮቹ ሰመጡ፣ አይሮፕላኑም በአፍንጫው ተደፍቶ ጅራቱ ወደ ላይ ቀረ። ከተሳፋሪዎቹ አንድም የተጎዳ አልነበረም።

መሐንዲስ ይህን ሲመለከት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባዋል። ሞተሩ ጠፍቶበት የሚወርድ ሰው ከመሬቱ የሚሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው ሳይሞት አይሮፕላኑ እንዲቆም ነው። በዚህ ሚዛን የኤንጀል ሜዳ መልካም ሜዳ ነበር። ኤንጀል ግን በችግር የወረደ አልነበረም፤ ተመልሶ መነሣት ነበረበት። ለመነሣት ደግሞ ክብደቱን በሩጫው ርዝመት ሁሉ የሚሸከም ጠጣር መሬት ያስፈልጋል፤ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ሩጫውም ይረዝማል። የመሬት የመሸከም ኃይል ከአየር ላይ በዓይን አይመዘንም። የሣሩ ልምላሜ ራሱ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባው ነበር፤ በእርግጥ ይህን ቁጭ ብሎ ለሚያስብ ሰው መናገር ቀላል ነው።

ያዳናቸው ቀደም ብሎ የተደረገው ዝግጅት ነው። ስንቅና ገመድ ይዘው ነበር፤ ሄኒና ዴልጋዶም ከዚያ በፊት በደቡቡ በኩል በእግር ወጥተው መንገዱን አጥንተው ነበር። ፌሊክስ ካርዶና ደግሞ ከተራራው ግርጌ በራዲዮ ይጠባበቅ ነበር። አራቱ መንገደኞች ገደሉንና ስንጥቁን እየዞሩ ከ11 ቀን ጉዞ በኋላ ካማራታ ከተባለው የፔሞኖች ሰፈር ደረሱ። ወርቁ አልተገኘም።

ኤንጀል መብረሩን አልተወም። በሚያዝያ 1956 በፓናማ ዴቪድ ከተማ ሲያርፍ አደጋ ደረሰበት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8 ቀን ዐረፈ። ዐመዱ በ1960 ከአይሮፕላን ላይ በፏፏቴው ተበተነ። በጭቃው ውስጥ የቀረው አይሮፕላን ግን 33 ዓመት በዚያው ቆየ፤ በ1970 የቬኔዙዌላ አየር ኃይል ፈታቶ በሄሊኮፕተር አወረደው። ማራካይ ላይ ከታደሰ በኋላ በሲውዳድ ቦሊቫር አይሮፕላን ማረፊያ ፊት ለፊት ቆመ።