ዳግማዊ ምኒልክ፣ ባሕር ዛፍና የጎጃም አፈር

የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነገር በተነሣ ቁጥር ዐድዋ፣ ስልክና ባቡር ይወሳል። እኛ ግን ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ማገዶ ስላስጨነቃቸው ምኒልክ ነው። ምክንያቱም ይህ ነው። በክረምት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የተጓዘ ሰው በየደጁና በየኮረብታው ተሰልፎ የቆመ ባሕር ዛፍ ያያል፤ በየድልድዩ ሥር ደግሞ ቀልቶ የሚወርድ ጎርፍ ያያል። ዛፍ እንዲህ በዝቶ ሳለ አፈሩ ስለ ምን ይሄዳል? ይህን ለመረዳት ዛፉን ወዳስተከሉት ንጉሥ ታሪክ መመለስ ይገባል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ሕፃኑን ዐፄ ቴዎድሮስ ወስደው መቅደላ አሳደጓቸው። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው የአባታቸውን አገር ያዙ። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. ከዐባይ ማዶ እምባቦ ላይ ከጎጃሙ ንጉሥ ከተክለ ሃይማኖት ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ፤ የቆሰሉትንም ንጉሥ ማርከው አስታመሙ። በ1882 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ምን እንደ ሠሩ አንባቢ ከእኛ በላይ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከሠራዊቱ ኋላ ኋላ አንድ ችግር ይከተል ነበር። የንጉሥ ከተማ ማለት በዚያ ዘመን በሺሕ የሚቆጠር ጭስ ማለት ነው። እንጀራ ይጋገራል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቤትና አጥር ይሠራል፤ ሁሉም እንጨት ይፈልጋል። የእንጦጦ ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላም እንጨቱ በየዓመቱ እየራቀ ሄደ። ስለዚህ ንጉሡ ከተማውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ግድም አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ።

ከተማውን ከመነቀል ያዳነው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ ነበረ ብዙውን ጊዜ ይነገራል። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ የተከለም ሰው ከመሬቱ ግብር እንዲማር አደረጉ ይባላል። ዛፉ በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። አዲስ አበባ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አፄው ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ከተማዋ በባሕር ዛፍ ተከባ ነበር።

በእኛ አስተያየት ምኒልክ የተጠየቁትን በሚገባ መልሰዋል። ጥያቄው የማገዶ ነበር። ስሕተቱ የኋለኞቹ ነው፤ ለማገዶ የመጣውን ዛፍ አፈርንም ይጠብቃል ብለው በገደልና በተራቆተ ዳገት ላይ ተከሉት።

አፈርን የሚያፈርሰው ጎርፉ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ጠብታው ነው። ጠብታ ባዶ መሬት ሲመታ ጓሉን ይበትናል፤ የተበተነው ደቃቅ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውኃው መስረጊያ ሲያጣ ላይ ላዩን ይሮጣል። ረጅም ዛፍ ይህን ብቻውን አይከለክልም። በቅጠል ጫፍ የተጠራቀመ ውኃ ከዝናቡ የተለቀ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፤ ከዘጠኝ ሜትር ግድም ከፍታ ሲወድቅም ከሰማይ ይዞት የመጣውን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ይቃረባል። ጠብታውን የሚያበርደው ከሥር ያለው ቁጥቋጦ፣ ሣርና የረገፈ ቅጠል ነው። በቡሬ ወይም በደምበጫ ገጠር ባለ አሮጌ ደብር ቅጥር ውስጥ ገብቶ ከጽዱና ከወይራው ሥር የረገጠ ሰው እግሩ እንደሚሰምጥ ያውቃል። ከባሕር ዛፉ ሥር ግን ቅጠሉ ለምጣድ ተጠርጎ ተወስዷል፤ ሣሩም በጥላውና በሥሩ ጥማት ሳስቷል። ጠራጊዋን ሴት ማን ይወቅሳል? ሌላ ማገዶ የላትም።

ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ሊቅ ለኢትዮጵያ ባወጡት ግምት፣ በደን ሥር ካለ አንድ ሄክታር በዓመት አንድ ቶን ያህል አፈር ሲታጠብ፣ ከግጦሽ መሬት 5፣ ከእርሻ ደግሞ 42 ቶን ይታጠባል። ጎጃሜ ይህ ቁጥር አይደንቀውም። ጤፍ ደጋግሞ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ማሳው ገና ራቁቱን ነው። ገበሬው ውኃውን ለማሳለፍ የሚያወጣው ፈሰስ ራሱ ብዙ ጊዜ ሰፍቶ ቦረቦር ይሆናል።

ከደምበጫ አጠገብ አንጀኒ በሚባል ቦታ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ 113 ሄክታር ያህል ከሆነ ተፋሰስ የሚወርደው ውኃና ደለል ይለካ ጀመር። በዚያ በዓመት 1,690 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ከሁለት ዓመት በኋላ በማሳዎቹ ላይ እርከን ተሠራ፤ አፈሩም ከእርከኑ ላይ እየተጠራቀመ ዳገቱን ደረጃ አስመሰለው።

ገበሬው ባሕር ዛፍ አይትከል የምንል አይደለንም፤ አጣናው ልጅ ያስተምራል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። ነገር ግን ለጥ ባለው መሬት ይተከል፤ ዳገቱና የቦረቦሩ አፋፍ ለዋንዛ፣ ለወይራና ለሣር ይተው፤ የረገፈውም ቅጠል በዚያ ይቅር። ብር፣ ተምጫና ፈጣም ቀልተው ወደ ዐባይ የሚወስዱት አፈር ድሮ ሱዳን ይደርስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ግን አብዛኛው የሚተኛው በገዛ ግድባችን ሆድ ውስጥ ነው።