ሰሙ ሣቅ፥ ወርቁ ኀዘን፤ የኦሳሙ ቴዙካ የሕይወት ታሪክ

በአሶሳ ከተማ ማታ ማታ ቴሌቪዥን በተከፈተበት ቤት ሕፃናት ተሰብስበው የካርቱን ፊልም ሲመለከቱ ማየት የተለመደ ነገር ነው። ዓይኑ ትልልቅ፥ ጕንጩ ክብ፥ ድምፁ ቀጭን የሆነ ፍጡር በመስተዋቱ ላይ ሲዘል በታየ ጊዜ፥ ወላጅ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ሥራው ይመልሳል። ነገር ግን መልካቸው ከሚያምረው ከነዚህ ተከታታይ ፊልሞች መካከል ስለ ሞት፥ ስለ ጦርነት፥ ስለ ክህደትና ስለ ብቸኝነት የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። ፊታቸው የሕፃን፥ ነገራቸው ግን የአዋቂ ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የቅኔ መምህሮቻችን ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነውን ንግግር ሰምና ወርቅ ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። አያቶቻችንም በእሳት ዳር ጅብንና አህያን፥ ጦጣንና ነብርን እያነጋገሩ የዳኛን አድልዎና የጉልበተኛን ግፍ ለልጅ አሳውቀዋል። ይህንኑ ሰምና ወርቅ በቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ውስጥ እንዲገባ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ ስለሆነ፥ ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቴዙካ የተወለደው ኖቬምበር 3 ቀን 1928 ዓ.ም. በኦሳካ አውራጃ በቶዮናካ ከተማ ነው። ያደገው ግን ከዚያ ብዙም በማትርቀው በታካራዙካ ነበር። ይህች ከተማ ተዋንያኑ ሁሉ ሴቶች በሆኑበት የቴአትር ቡድን የታወቀች ስትሆን፥ እናቱ ልጅዋን ወደዚያ ቴአትር እየወሰደች ታሳየው ነበር። አባቱም በቤቱ ውስጥ አነስተኛ የፊልም ማሳያ መሣሪያ ስለ ነበረው፥ ቴዙካ ገና ሕፃን ሳለ የዋልት ዲስኒን የካርቱን ፊልሞች ለማየት በቃ።

በትምህርት ቤት ግን ኑሮው ቀላል አልነበረም። ሰውነቱ ደቃቃ፥ ጠጕሩ ከርዳዳ፥ ዓይኑም መነጽር የሚሻ ስለ ነበረ የክፍል ጓደኞቹ መሣቂያ አደረጉት። ከዚህ ውርደት ያወጣው የሥዕል ችሎታው ነው። በደብተር ላይ የሚሥላቸው ታሪኮች ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወር በጀመሩ ጊዜ የሚያሾፉበት ልጆች ወዳጆቹ ሆኑ። ሁለተኛው ፍቅሩ ሦስት አጽቄዎችን፥ ማለት ጥንዚዛንና ቢራቢሮን የመሳሰሉትን ነፍሳት መሰብሰብ ነበር። ፍቅሩም ከመጽናቱ የተነሣ፥ ስሙን ሲጽፍ ነፍሳት የሚል ትርጕም ያለውን የጃፓን ፊደል ጨመረበት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም የተጠራው በዚሁ አጻጻፍ ነው።

በዚህ መካከል አገሩ በታላቅ ጦርነት ውስጥ ገባች። ቴዙካ ገና ተማሪ ሳለ ከእኩዮቹ ጋር በኦሳካ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ እንዲሠራ ታዘዘ። በጁን ወር 1945 ዓ.ም. በፋብሪካው የጥበቃ ማማ ላይ ተረኛ ሆኖ ቆሞ ሳለ የአሜሪካ አይሮፕላኖች በከተማዋ ላይ የእሳት ቦምብ አዘነቡ። እርሱ በተአምር ተረፈ። ከማማው ወርዶ በሄደበት መንገድ ሁሉ ያየው ግን የተቃጠለ ቤትና የሰው ሬሳ ነበር። ዕድሜው ያን ጊዜ ገና 16 ዓመት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በሣለው ሥራ ሁሉ ውስጥ ይህ እሳት ሳይታይ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚህ አደጋ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ በኤፕሪል 1945 ዓ.ም.፥ ቴዙካ በኦሳካ ወደሚገኝ አንድ ሲኒማ ቤት ገብቶ ነበር። አብዛኞቹ ሕፃናት ከቦምብ እንዲድኑ ወደ ገጠር ተልከው ስለ ነበረ አዳራሹ ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል። የታየው ፊልም ስለ ሞሞታሮ፥ ማለት ከኮክ ፍሬ ውስጥ ስለ ተወለደው የጃፓን ተረት ጀግና የሚናገር ሲሆን፥ በጃፓን የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም የካርቱን ፊልም ነው። 74 ደቂቃ የሚፈጀውን ይህን ፊልም ያዘጋጀው ሚትሱዮ ሴዎ ሲሆን፥ ያሠራው ደግሞ የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ነበር። ድቡ፥ ጦጣውና ውሻው የወታደር ልብስ ለብሰው በጃንጥላ ከአይሮፕላን እየዘለሉ ጠላትን ሲማርኩ ያሳያል። ወጣቱ ቴዙካ ከሥዕሉ ውበት የተነሣ አለቀሰ፤ እንደዚህ ያለ ፊልም አንድ ቀን ራሴ እሠራለሁ ብሎም ለራሱ ቃል ገባ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የጥንቸልና የድብ ፊት የተሣለው ልጆችን ለማስደሰት ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትን እንዲወዱ ለማድረግ ነበር። ሰሙ ማር፥ ወርቁ ባሩድ ነበር። ቴዙካ የካርቱን ፊልምን ኃይል የተማረው ከዚህ ጣፋጭ ውሸት ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን መሣሪያውን ይዞ ውሸቱን ተወው።

በዚያው ዓመት በኦሳካ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። ትምህርቱን ሳያቋርጥ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሥራውን በጋዜጣ ላይ አወጣ፤ በ1947 ዓ.ም. የታተመው አዲሱ የሀብት ደሴት የተባለው የሥዕል ታሪክ መጽሐፉም በመላው ጃፓን አስጠራው። ሐኪም ልሁን ወይስ ሠዓሊ ብሎ በተጨነቀ ጊዜ እናቱን አማከራት፤ እርስዋም ልቡ የሚወደውን እንዲከተል መከረችው። ይሁን እንጂ የጀመረውን ሳይጨርስ አልተወም፤ በ1952 ዓ.ም. የሐኪምነት ፈተናውን አለፈ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በሕክምና የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በሐኪምነት ባይተዳደርበትም፥ ሞትን አጠገቡ ቆሞ የማየት ልማድ ከዚያ ትምህርት አግኝቷል።

ከ1950 እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ በመጽሔት ያወጣው የጫካው ንጉሠ ነገሥት የተባለው ሥራው ስለ አፍሪካ የሚተርክ ስለሆነ በተለይ እኛን ይመለከተናል። ሊዮ የተባለው ነጭ የአንበሳ ደቦል አባቱ በአዳኝ ተገድሎበታል፤ ከእናቱም ጋር የተለየው በባሕር ላይ ነው። ደቦሉ ሲታይ እንደ ድመት ግልገል የሚያሳሳ ነው፤ ታሪኩ ግን የሐዘን ታሪክ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ሊዮ ሽማግሌ ሆኖ ከሰዎች ጋር አንድ በረዷማ ተራራ ይወጣል። የተራራው ስም ጨረቃ ሲሆን፥ የጥንት ጂኦግራፊ ሊቃውንት የዓባይ ምንጭ ነው ይሉት የነበረውን ተራራ ያስታውሳል። በዚያም ውርጩ ሰዎቹን በፈጀ ጊዜ ሊዮ የቀረው አንዱ ባልንጀራው ሥጋውን በልቶ፥ ቆዳውን ለብሶ እንዲድን ሲል ሕይወቱን አሳልፎ ይሰጣል። ይህ የተጻፈው ለልጆች ነው።

እውነት ለመናገር ግን ይኸው ሥራ ነውር አለበት። ቴዙካ የአፍሪካን ሰዎች የሣላቸው በዘመኑ በነበረው የማላገጫ ልማድ ነው፤ መልካቸውን አዛብቶ፥ ሁሉንም አንድ ዐይነት አድርጎ አሳይቷቸዋል። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ግድም በጃፓን ውስጥ ብርቱ ወቀሳ ስለ ተነሣ፥ አሳታሚዎቹ ስለዚሁ ጕዳይ የሚያስረዳ ማስታወሻ በመጻሕፍቱ ላይ ጨመሩ። በቤኒሻንጉልና በጉሙዝ ምድር በቆዳው ጥቁረት ምክንያት ስድብና ግፍ ሲደርስበት ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጣፋጭ ሥዕልን አደጋ በገዛ ዓይኑ ያየ ሰው እንኳ በሌላው ሕዝብ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ስሙን በዓለም ሁሉ ያስጠራው ግን አቶም የተባለው የብረት ልጅ ነው። ታሪኩ በመጽሔት መውጣት የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፥ አጀማመሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊቅ አንድ ልጁ በመኪና አደጋ ሞተበትና ከሐዘኑ ብዛት የተነሣ ልጁን የመሰለ ሰው ሠራሽ ልጅ በመኪና ጥበብ ሠራ። ነገር ግን የተሠራው ልጅ ቁመቱ እንደማያድግ ባየ ጊዜ ተቆጥቶ ለሰርከስ ሸጠው። ጠጕሩ ሾጣጣ፥ ጫማው ቀይ የሆነው ይህ የሚያምር ልጅ እንግዲህ የሞተ ልጅ ምትክ፥ በአባቱም የተጣለ ወላጅ አልባ ነው። ሰዎችን ከአደጋ እያዳነ ሳለ እንኳ ሰው አይደለህም እየተባለ ይገፋል።

ቴዙካ በ1961 ዓ.ም. የራሱን የካርቱን ፊልም ማዘጋጃ አቋቁሞ፥ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1963 ዓ.ም. አቶምን በቴሌቪዥን አሳየ። በአገራችን ቴሌቪዥን ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚታይ ፊልም በእጅ ሥሎ ማድረስ በጃፓን ማንም ያልሞከረው ሥራ ነበር። የፊልም መሣሪያ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል፤ የቴዙካ ሠራተኞች ግን አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ፥ አፍን ብቻ ወይም እጅን ብቻ እያንቀሳቀሱ፥ አንድ ጊዜ የተሣለውንም ለሌላ ክፍል እያስቀመጡ ድካሙን አሳነሱት። በዚህ ዘዴ 193 ክፍሎች ተሠሩ። በዲሴምበር 31 ቀን 1966 ዓ.ም. በታየው የመጨረሻ ክፍል አቶም ምድርን ለማዳን ሲል ወደ ፀሐይ ገሠገሠ፤ ለአራት ዓመት ያህል በየሳምንቱ የጠበቁት ልጆችም ጀግናቸውን በዚህ ተሰናበቱት።

የሥራው ዋጋ ግን ከባድ ነበር። ቴዙካ ፊልሙን ከወጣበት ወጪ በታች ስለ ሸጠ ጕድለቱን ከመጽሐፉ ገቢ ይሞላ ነበር፤ ሠዓሊዎቹም ሌሊቱን ሁሉ ይሠሩ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የካርቱን ሠራተኞች ደመወዝ አነስተኛ ሆኖ ለመቅረቱ ይህን ምክንያት የሚያደርጉ አሉ። ማዘጋጃውም በ1973 ዓ.ም. ከሰረ።

ሌላም ችግር ገጠመው። የጫካው ንጉሠ ነገሥት በ1965 ዓ.ም. በቀለም ተሠርቶ ለቴሌቪዥን ሲዘጋጅ፥ የአሜሪካ ገዢዎች እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚታይ እንዲሆንና አንበሳው በደቦልነቱ እንዲቀር ፈለጉ። ደቦል ካላደገ ደግሞ አይሞትም። ቴዙካ ልጆች ኀዘንን አይችሉም የሚለውን ሐሳብ ስላልተቀበለ፥ በሚቀጥለው ዓመት ስላደገው ሊዮ የሚናገር ሌላ ተከታታይ ፊልም አዘጋጀ።

ከኪሳራው በኋላ ብዙዎች ዘመኑ አለፈ ሲሉት፥ በ1973 ዓ.ም. ብላክ ጃክ የተባለውን ፈቃድ የሌለው ሐኪም ታሪክ ጀመረና እንደገና ገነነ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ አዶልፍ የሚል አንድ ስም ስለ ነበራቸው ሦስት ሰዎች፥ ወዳጅነትንም ዘረኝነት እንዴት እንደሚገድለው የሚተርከውን ሥራውን ማውጣት ጀመረ። በሆድ ዕቃ ካንሰር ታሞ በተኛበት ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ሥራዬን ስጡኝ እያለ ይለምን ነበር ይባላል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1989 ዓ.ም. በ60 ዓመቱ ዐረፈ። 150,000 ያህል ገጽ ሥዕል ትቶ አልፏል፤ በ1994 ዓ.ም.ም ባደገባት በታካራዙካ ቤተ መዘክር ተከፈተለት።

የጀመረው ልማድ ግን አልሞተም። በ2011 ዓ.ም. በጃፓን የታየው ማዶካ ማጊካ የተባለው ባለ 12 ክፍል ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። በደማቅ ቀለም የተሣሉ ልጃገረዶች ነጭ አሻንጉሊት ከመሰለ ፍጡር ጋር ውል ይዋዋላሉ፤ ውሉም ነፍሳቸውን ያስከፍላቸዋል። በዚያው ዓመት በማርች 11 ቀን በጃፓን ላይ ታላቁ የመሬት መናወጥ በደረሰ ጊዜ የቀሩት ክፍሎች ተቋርጠው በኤፕሪል ወር ታዩ።

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስ። በሸርቆሌ የስደተኞች ሰፈር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ቤተ ሰቦች ኖረዋል። ከ2023 ዓ.ም. ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሺህ ሰዎች ገብተዋል። በ2020 እና በ2021 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉት ሕፃናትም ያዩትን አይተዋል። ለእነዚህ ልጆች ሞት መኖሩን የሚነግራቸው ፊልም አያስፈልጋቸውም፤ ያውቁታል። የሚያስፈልጋቸው ሞትን አይተው ዝም የማይሉ፥ የሞተውን የሚያለቅሱለት፥ የተረፈውንም የሚያስጠጉ ታሪኮች ናቸው። ሁሉ ነገር በሣቅና በዘፈን ያልቃል የሚለው ፊልም እንዲህ ላለ ልጅ ብቸኝነትን ይጨምርበታል።

ይህን ስንል ግን ጨለማ ያለበት ሁሉ ለልጅ ይገባል ማለታችን አይደለም። ለአምስት ዓመት ልጅ የማይሆን ለአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ይሆናል። ስለዚህ በአሶሳም ሆነ በሌላ ስፍራ በመምህርነትና በአስተዳደር ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፥ የሥዕሉን ፊት አይታችሁ ብቻ አትፍረዱ። በፊልሙ ውስጥ የሚሞት ቢኖር አልቃሽ አለውን? አንድን ሕዝብ ያዋርዳልን? ጦርነትን ጨዋታ ያስመስላልን? ብላችሁ ጠይቁ። ይህንንም ለማወቅ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ከማየት የተሻለ መንገድ አላገኘንም።

ቴዙካ በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲያለቅስ ያየው ነገር ውብ መሆኑን እንጂ ውሸት መሆኑን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም። እሳቱን በዓይኑ አይቶ ለብቻው ተማረው፤ ከዚያም በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ከሌላው ልጅ አጠገብ ተቀምጦ እንደሚያስረዳ ሰው ሆኖ ሠራ።