አባት በጋዜጣ ሰበሰበ፣ ልጅ በስፖርት በተነ
የጄምስ ጎርደን ቤኔት የሕይወት ታሪክ

እሁድ ከሰዓት በኋላ የፎርሙላ ዋን ውድድር በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ወይም የአሜሪካ ኦፕን ቴኒስ ውጤት ሲነገር የጄምስ ጎርደን ቤኔትን ስም የሚያነሳ የለም። ሰውየው ሾፌርም፣ የቴኒስ ተጫዋችም አልነበረም። የጋዜጣ ባለቤት ነበር። ገንዘቡን ግን ሌሎች ባለጸጎች ለመሬትና ለባቡር ሲያፈሱት እሱ ለዋንጫ አፈሰሰው። ዛሬ ዓለም እንደ ተራ ነገር የሚያያቸው ብዙ ውድድሮች ጅማሬያቸው ከእሱ ኪስ ጋር ይያያዛል። ከዚያም በላይ ቤተሰቡ የሀብቱንና የዝናውን አንድ ምዕራፍ የጻፈው በእኛው ምድር፣ በመቅደላ አምባ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ500 ዶላሩ ጋዜጣ

አባትና ልጅ ስማቸው አንድ ስለሆነ እኛ ለማቅለል ሽማግሌው ቤኔትና ትንሹ ቤኔት እንበላቸው። ሽማግሌው ቤኔት በ1795 በስኮትላንድ ተወለደ። በ1819 ባህር ተሻግሮ ወደ ሰሜን አሜሪካ መጣ። አስተማሪም፣ የጽሕፈት ሠራተኛም፣ ጋዜጠኛም ሆኖ ተንከራተተ። ግንቦት 6 ቀን 1835 በኒውዮርክ ዎል ስትሪት፣ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ኒውዮርክ ሄራልድ የተባለውን ጋዜጣ አወጣ። መነሻ ካፒታሉ 500 ዶላር ብቻ ነበር። ጠረጴዛ መግዣ ስላልነበረው በሁለት የዱቄት በርሜሎች ላይ ሳንቃ አጋድሞ ነበር የሚጽፈው። የጋዜጣው ዋጋ 1 ሳንቲም ነው።

በዚያን ጊዜ ጋዜጣ የነጋዴና የፖለቲከኛ ዕቃ ነበር። ሽማግሌው ወደ ተራው ሰው አወረደው። የፍርድ ቤት ወሬ፣ የነፍስ ግድያ፣ የአክሲዮን ገበያ፣ የፈረስ እሽቅድምድም፣ የቡጢ ግጥሚያ ሳይቀር አተመ። ጨዋ ነን የሚሉት ተጸየፉት፤ መንገድ ላይ የደበደቡትም ነበሩ። እሱ ግን መደብደቡን ራሱን ዜና አድርጎ በማግስቱ ይሸጠው ነበር! በ1860 ገደማ ሄራልድ በቀን ከ70 ሺህ ቅጂ በላይ የሚሸጥ፣ በአሜሪካ ቀዳሚ ጋዜጣ ሆነ። ሽማግሌው በ1872 ሲሞት ለልጁ የተወለት ትልቅ ጋዜጣ፣ ትልቅ ገንዘብና ብዙ ጠላት ነው።

በውርርድ የተሻገረ ውቅያኖስ

ትንሹ ቤኔት በ1841 ተወለደ። አባቱ በኒውዮርክ የነበሩት ጠላቶች ስለበዙ ልጁ ያደገው በአብዛኛው ከእናቱ ጋር ፈረንሳይ ነው። የጎደለበት ነገር አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ እልኸኛ ሆኖ አደገ። የአባቱን ጋዜጣ የተረከበው ገና በ20ዎቹ ዕድሜው እያለ ነው።

በ1866 መጨረሻ ሦስት ባለጸጎች በሸራ ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስን ለመሻገር ተወራረዱ። እያንዳንዳቸው 30 ሺህ ዶላር አስያዙ፤ በድምሩ 90 ሺህ ዶላር፣ አሸናፊው ጠቅልሎ የሚወስደው። ወቅቱ ታህሳስ ነው፤ ውቅያኖሱ የሚቆጣበት ጊዜ። ከጀልባዎቹ ባለቤቶች መካከል ራሱ ተሳፍሮ የሄደው ቤኔት ብቻ ነበር። ሄንሪየታ የተባለችው ጀልባው ታህሳስ 11 ከኒውዮርክ ወደብ አጠገብ ተነስታ በፈረንጆች የገና ዕለት እንግሊዝ ዳርቻ ቀድማ ደረሰች። 14 ቀን አልሞላትም።

ነገር ግን ተፎካካሪዋ ፍሊትዊንግ በጉዞ ላይ ሳለች ማዕበል መትቷት ስድስት መርከበኞች ተጠርገው ባህር ገብተዋል። የገንዘቡ ባለቤቶች ውርርዱን ሲያወራርዱ የሞቱት ደመወዝተኞቹ ናቸው። በቤኔት ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣልና አንባቢ ልብ ይበል።

ጀብዱው ግን ስሙን አገነነው። በ1871፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ የኒውዮርክ ያት ክለብ አለቃ ሆነ። ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ያን ወንበር የያዘ አልነበረም።

ሄራልድ በመቅደላ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ በዙላ በኩል ሲገባ፣ ሄንሪ ስታንሊ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ ወደ ቤኔት ቢሮ ሄዶ ላከኝ አለ። ቤኔት በራስህ ወጪ ሂድ፤ የምትልከው ጽሑፍ ጥሩ ከሆነና ሌላ ጋዜጣ ካላገኘው በጽሑፍ ልክ እከፍልሃለሁ ብሎ ሸኘው። ስታንሊ ገና በጉዞ ላይ ሳለ ስዊዝ ላይ ለቴሌግራም ቤቱ ኃላፊ ጉቦ ሰጠና የእሱ መልእክት ሲመጣ ከሁሉ በፊት እንዲተላለፍለት ተስማማ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በእኛ አቆጣጠር (ሚያዝያ 13 ቀን 1868 በፈረንጆቹ) መቅደላ ወደቀች። ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። አምባው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ጋዜጠኞቹ ደግሞ ወደ ባህር ሩጫ ጀመሩ። የስታንሊ መልእክት ከስዊዝ መጀመሪያ አለፈ። ወዲያው በሜድትራኒያን ባህር ስር የሚሄደው የቴሌግራም ገመድ ተበጠሰ! የሌሎቹ ጋዜጠኞች ብቻ ሳይሆን የእንግሊዝ ጦር ይፋዊ ሪፖርት ሳይቀር ዘገየ። ለንደን የራሷን ጦር ድል የሰማችው ከኒውዮርክ ሄራልድ ነው። ማመን ያቃታቸው ነበሩ፤ በኋላ ግን እውነት ሆነ። ስታንሊ ቋሚ ሠራተኛ ሆነ፤ ቤኔትም በ1869 ሊቪንግስተንን ፈልግ ብሎ ወደ አፍሪካ መሃል ላከው፤ በ1871 አገኘው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ መቅደላን ማየት የፈለገ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ሰንበቴ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ነው። በሰንበቴ የእሁድ ገበያ አፋሩ ከቆላ፣ አማራው ከደጋ፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከየመንደሩ ወርዶ ይገናኛል። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን የሕዝቡ ጋዜጣ እንዲህ ያለ ገበያ ነበር። አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ ነው። የሞተውም፣ የተሾመውም፣ የተሻረውም የሚሰማው ከጨውና ከእህሉ ጋር ነው። የቴዎድሮስ ሞትም በወሎ ገበያዎች ከሰው ወደ ሰው ሳይሄድ አልቀረም። ልዩነቱ ምንድነው? የገበያው ወሬ በነጻ ይሰጣል፣ ሰሚው ያለቅሳል ወይም ይደሰታል። የቤኔት ወሬ ግን ይሸጣል። ለእኛ የንጉሥ ሞት የሆነው ነገር ለሄራልድ በማን ቀደመ የሚለካ ውድድር ነበር፤ ዋንጫውም ወደ ኒውዮርክ ሄደ።

ዜና መጠበቅ ቀረ፣ መሥራት መጣ

ከመቅደላና ከሊቪንግስተን በኋላ ቤኔት አንድ ነገር ገባው። ትልቅ ዜና እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገንዘብ ካለ ዜናው ራሱ ሊፈጠር ይችላል። በ1879 ጃኔት የተባለች መርከብ በእህቱ ስም ሰይሞ ወደ ሰሜን ዋልታ ላከ። በረዶው ያዛት፣ በ1881 ጨፈለቃት። ከ33ቱ ሰዎች 20ው አለቁ። የሄራልድ አንባቢ ግን ታሪኩን ተሻምቶ አነበበው።

በስፖርትም እንዲሁ። በ1876 ፖሎን ወደ አሜሪካ ያስገባው እሱ ነው። ፖሎ እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበት፣ ግን በፈረስ ላይ ሆነው የሚጫወቱት ነው። በኒውፖርት ከተማ አንድ እንግሊዛዊ የፖሎ ጓደኛው በቤኔት ውርርድ ተገፋፍቶ ከነፈረሱ የጨዋዎች ክለብ ውስጥ ገባ፤ ክለቡም ወቀሰው ይባላል። ቤኔት ተቆጣና የራሱን መዝናኛ አሠራ። ኒውፖርት ካሲኖ ይባላል፤ በ1880 ተከፈተ። በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያው የአሜሪካ የቴኒስ ሻምፒዮና እዚያ ተደረገ፤ እስከ 1914 ድረስም ከዚያ አልወጣም። የዛሬው አሜሪካ ኦፕን የዚያ ውድድር ልጅ ነው። ሕንጻው ዛሬም የቴኒስ ታላላቆች መታሰቢያ ሙዚየም ነው።

ስካሩ ግን አጠፋው። በ1877 አዲስ ዓመት በዓል ላይ እጮኛው ቤት ሰክሮ ገባና በእንግዶች ፊት ሽንቱን እምድጃው ውስጥ ሸና። እጮኛነቱ ፈረሰ፤ የልጅቷ ወንድም በአለንጋ ገረፈው፤ ቀጥሎ በሽጉጥ ተታኮሱ፤ ሁለቱም ሳቱ። ከዚያ በኋላ ቤኔት ኑሮውን ፓሪስ አደረገና ጋዜጣውን ለ40 ዓመት ያህል በቴሌግራም ይመራው ጀመር። ኒውዮርክ ያለው አዘጋጅ ጠዋት ሲገባ መሾሙን ወይም መባረሩን በሽቦ ነበር የሚሰማው። በ1887 የፓሪስ እትም አወጣ። በዚያ እትም ላይ የሙቀት መለኪያ እንዴት እንደሚቀየር የምትጠይቅ አንዲት የአንባቢ ደብዳቤ ከ1899 ጀምሮ ቤኔት እስኪሞት ድረስ በየቀኑ ታተመች። ለምን ቢባል ባለቤቱ አዘዋ!

ዋንጫዎቹ

በ1900 የጎርደን ቤኔት የመኪና ዋንጫ ተጀመረ። ደንቡ አዲስ ነበር፤ የሚወዳደሩት አገሮች ናቸው። አንድ አገር ከሦስት መኪና በላይ አያሰልፍም፤ መኪናው እስከ ጎማው ድረስ በዚያው አገር የተሠራ መሆን አለበት፤ ያሸነፈው አገር የሚቀጥለውን ዓመት ያስተናግዳል። የመጀመሪያው ውድድር ከፓሪስ ሊዮን ነበር። አምስት መኪኖች ተነስተው ሁለት ብቻ ጨረሱ፤ አሸናፊው ፈረንሳዊ ፈርናንድ ሻሮን መንገድ ላይ ውሻ ገጭቶም ነው ያሸነፈው።

በ1903 ተራው የእንግሊዝ ሆነ። በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደም የተከለከለ ስለነበር ውድድሩ በልዩ ሕግ አየርላንድ ላይ ተደረገ፤ እንግሊዝም አረንጓዴ ቀለም ለበሰች። ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጀርመን ነጭ። መኪና በአገር ቀለም መቀባት ስር የሰደደው ያኔ ነው። ፈረንሳዮች ግን ብዙ ፋብሪካ እያላቸው በሦስት መኪና መወሰናቸው አንገበገባቸው። በ1905 ካሸነፉ በኋላ ዋንጫውን ተዉትና በ1906 የራሳቸውን ውድድር ግራን ፕሪ ብለው ጀመሩ። ፎርሙላ ዋን ዛሬም የሚጠራበት ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ቤኔት አላኮረፈም። መኪናው እምቢ ሲለው ወደ ሰማይ ወጣ። መስከረም 30 ቀን 1906 ከፓሪስ 16 ባሉኖች ተለቀቁ። በነፋስ ብቻ ተነድቶ ሩቅ የወረደ ያሸንፋል። አሜሪካዊው ፍራንክ ላም ባህር ተሻግሮ እንግሊዝ ወርዶ አሸነፈ። በ1909 ደግሞ በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ የአውሮፕላን ዋንጫ ተጨመረ፤ ግሌን ከርቲስ ወሰደው።

ሌሎች ጋዜጦችም ዘዴውን ያዙት። ሎቶ የተባለው የፈረንሳይ የስፖርት ጋዜጣ ሽያጭ ቢያንሰው በ1903 ቱር ደ ፍራንስን ጀመረ፤ ቢጫው ማሊያ የጋዜጣው ወረቀት ቀለም ነው። የጣሊያኑ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት በ1909 ጂሮ ዲታሊያን አስከተለ። የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫም በ1955 የተወለደው በሌኪፕ ጋዜጣ ሐሳብ ነው። ስፖርቱና ጋዜጣው ተጋብተው የቀሩት እንዲህ ነው።

መጨረሻው

ቤኔት በዕድሜው ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር እንደበተነ ይገመታል። ላይሲስትራታ በተባለችው የመዝናኛ መርከቡ ላይ ትኩስ ወተት እንዳይቀርበት ላም ያስጭን ነበር። እሱ እንዲህ ሲኖር ኒውዮርክ ላይ ፑሊትዘርና ኸርስት የተባሉ አዳዲስ የጋዜጣ ጌቶች አንባቢውን ወሰዱበት። በ73 ዓመቱ፣ በ1914፣ የሮይተር ዜና ወኪል ቤተሰብ የሆነ ሰው ሚስት የነበረች መበለት አገባ። ልጅ አልወለደም። ግንቦት 14 ቀን 1918 በደቡብ ፈረንሳይ ሞተ፤ ፓሪስ ተቀበረ።

በ1920 ጋዜጦቹ ተሸጡ። ሄራልድ በ1924 ከትሪቡን ጋር ተዋሐደ፤ በ1966 ኒውዮርክ ላይ ተዘጋ። የፓሪሱ እትም ኢንተርናሽናል ሄራልድ ትሪቡን ሆኖ ቆየና በ2013 ያም ስም ቀረ። በሁለት ትውልድ የተነሳው ሥርወ መንግሥት ወራሽ ሳያገኝ አበቃ። ስሙን የሚያነሱት አሁን በኒውዮርክ ሄራልድ አደባባይና በፓሪስ ከሮላን ጋሮስ ቴኒስ ሜዳ አጠገብ ያለው ጎዳና ናቸው።

ከዋንጫዎቹ የቀረው የባሉኑ ነው። በ1923 መብረቅ አምስት ተወዳዳሪዎች ገደለ። የ1939ኙ ከፖላንድ ሊነሳ ሲል ጦርነት ፈነዳና ተቋረጠ። በ1983 በይፋ ተመለሰ። በ1995 የቤላሩስ ጦር አንድ ባሉን መትቶ ሁለት አሜሪካውያን ሞቱ። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ድረስ ይካሄዳል። የቆየውም በምክንያት ነው። የባሉኑን ዋንጫ ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ያዘው፤ ደንብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ በየዓመቱ የሚጠራው አለ። ጋዜጣው ግን የአንድ ሰው ፈቃድ ነበር፤ ሰውየው ሲሞት የሚያዝዘው ጠፋ። በአንድ ሰው ኪስ ለተንጠለጠሉት የእኛ አገር ክለቦችም ከዚህ የቀረበ ትምህርት አይገኝም። ገንዘብ ያለው ሰው ውድድር ይጀምራል፤ የሚያስቀጥለው ግን ባለገንዘቡ በሌለበትም የሚሠራ ደንብ ነው።